ያልፈሰሰው ቢራ

ሐዋሳ ውስጥ የማኅበር ቤቶች ወደተሠሩባቸው አዳዲስ ሰፈሮች ሄዳችሁ አንዱ ሳሎን ስትቀመጡ እጃችሁ መጀመሪያ የሚነካው የሶፋ ልብስ ነው። ከሥር ቬልቬቱ አለ፤ ከላይ ዳንቴል ወይም ስስ ጨርቅ ተነጥፎበታል። ሶፋው የመጣው በእቁብ ነው። ዕጣው ሲወጣ ለእንጨት ሠሪው ቀብድ ተከፍሎ፣ ጨርቁ በናሙና ተመርጦ፣ ስፖንጁ ቶሎ እንዳይሰምጥ አደራ ተብሎ ነው እዚህ የደረሰው። ልጆች ወጥ ይዘው አይጠጉትም። አባወራው ራሱ ከሥራ ሲመለስ ጥግ ካለችው አሮጌ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሶፋው የእንግዳ ነው።

ስለ «አሜሪካን ቢዩቲ» ለመጻፍ ከዚህ ሶፋ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ለዕይታ የበቃው በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 1992 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ 5 ኦስካር ወሰደ። ዳይሬክተሩ ሳም ሜንዴስ ከእንግሊዝ ቴአትር የመጣ፣ ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ባለታሪኩ ሌስተር 42 ዓመቱ ነው፤ ዓመት ሳይሞላው እንደሚሞት ገና በመክፈቻው ይነግረናል። ሚስቱ ካሮሊን ቤት ታሻሽጣለች፣ ጽጌረዳ ትኮተኩታለች። ልጃቸው ጄን ሁለቱንም እምብዛም አታናግርም። ሌስተር የልጁን ጓደኛ አንጄላን ያይና ወጣትነቱ ይናፍቀዋል፤ ሥራውን ይለቃል፣ ጋራዥ ውስጥ ብረት ማንሳት ይጀምራል፣ ቀይ መኪና ይገዛል።

ፊልሙን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ልጅቷና ስለ ጽጌረዳ ቅጠሉ ነው። ለእኔ ግን የፊልሙ ልብ ያለው ከእኩሌታው በኋላ በሚመጣ አንድ አጭር የሶፋ ትዕይንት ላይ ነው። ባለትዳር ከሆናችሁ ሌላውን ብትረሱት እንኳ ይህችን ደግማችሁ እዩዋት።

ካሮሊን ከውጭ ትመጣለች። ደጃፉ ላይ የማታውቀው መኪና ቆሟል። ሌስተር ሳሎን ውስጥ ቢራ ይዞ በሪሞት የሚነዳ የልጅ መኪና እያጫወተ ነው። ደጅ የቆመው መኪና የማን እንደሆነ ትጠይቀዋለች። በፈረንጆች አቆጣጠር የ1970 ፖንቲያክ ፋየርበርድ ነው፤ ካምሪዋን ሰጥቶ የለወጣት እሱ ነው፤ አላማከራትም። እዚህ ላይ ጠብ መነሳት ነበረበት። ሌስተር ግን ያያትና እንዳማረባት ይነግራታል። ጄን ቤት እንደሌለች ይሰማል። ይጠጋታል። ከዚያ ይሳሳታል፦ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ደስታ የራቀሽ ብሎ ይጠይቃታል።

ይህ ጥያቄ አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ለማወቅ ፊቷን ማየት ይበቃል። ጥያቄው ክስ ነው፤ የተከሰሰ ደግሞ ይከላከላል። እሷም ደስታ እንዳላት ልታስረዳው ትጀምራለች፤ ደስታ እንዳለው የሚያስረዳ ሰው እንዴት እንደሚናገር ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ሌስተር ወዲያው መንገዱን ይቀይራል፣ በመላው ፊልም የሚሠራው ብቸኛ ብልህ ነገርም ይኸው ነው። ጅምላውን ትቶ ነጠላ ነገር ያነሳል። ኮሌጅ እያሉ ድግሱ ሲሰለቻት የሚጥል በሽታ የያዛት መስላ ትወድቅ የነበረችውን ልጅ ያነሳል። መጀመሪያ ከተከራዩት ቤት ጣሪያ ላይ ወጥታ፣ የመኪና መጨናነቅ ለመዘገብ በሚያንዣብቡ ሄሊኮፕተሮች ፊት ልብሷን ትገልጥ የነበረችውን ያነሳል። የት ሄደች ይላታል።

ካሮሊንን የሠራችው አኔት ቤኒንግ እዚህ ቦታ የምታደርገውን በደንብ ተመልከቱ። ትከሻዋ ይወርዳል። ትንፋሿ ይቀየራል። ለጥቂት ሰኮንድ 20 ዓመት ከላይዋ ላይ ይራገፋል። ፊቱ ወደ ፊቷ ሲደርስ ዓይኗ ወደ እጁ ይሄድና ቢራውን ሶፋው ላይ ልታፈሰው ነው ትለዋለች።

አበቃ። ይነሳል፣ ሶፋ እኮ ነው ይላል። እሷም 4,000 ዶላር የወጣበት፣ በጣሊያን ሐር የተለበጠ መሆኑን ትነግረዋለች። እሱ ይጮሃል፣ ትራስ ይዞ ሶፋውን ይደበድባል፤ እሷ እንባዋን ይዛ ትወጣለች።

ይህን ትዕይንት ባልና ሚስት አብረው ሲያዩት በሁለት ወገን መቆም ይመጣል። ስለዚህ ሂሳቡን እንሥራው። ሌስተር ሥራውን ሲለቅ አለቃውን አስፈራርቶ የአንድ ዓመት ደመወዙን ወስዷል፤ ወደ 60,000 ዶላር ይጠጋል። ሶፋው የዚያ 1/15ኛ ነው፤ አንድ ወር የማይሞላ ደመወዝ። ስለዚህ ሶፋ እኮ ነው ማለት ለእሱ ቀላል ነው። ሐዋሳ ውስጥ አንድ መምህር ሙሉ ሶፋ ለማስገባት ስንት ወር ምንም ሳይበላ መሥራት እንዳለበት አስቡት። ዓመት ሙሉ እቁብ የጣለች ሴት ያንን ቃል በሌስተር ጆሮ ልትሰማው አትችልም፤ ትክክል ናት። ደግሞም ከውጭ የቆመው መኪና አለ። ለራሱ ወጣትነት ሳያማክር መኪና የለወጠ ሰው፣ ዕቃ ከኑሮ በለጠብሽ ብሎ ሚስቱን ሲወቅስ ፊልሙ ንግግሩን ያሳምርለታል። ጸሐፊው አላን ቦል ለሌስተር ትረካውንም ቀልዱንም ሰጥቶታል፤ ለካሮሊን የቀራት ጩኸቱ ነው። በዚህ ፊልሙ አድልቷል ብዬ አምናለሁ። ቤኒንግ በትንፋሿና በትከሻዋ ባትሞላው ኖሮ ካሮሊን መሳቂያ ሆና ትቀር ነበር።

ጠርሙሱን ግን ልብ በሉት። ቢራው አልፈሰሰም። መሬት ላይ ለማስቀመጥ ሁለት ሰኮንድ ይበቃ ነበር። እሱም ሊያስቀምጠው፣ እሷም ከእጁ ልትቀበለው ትችል ነበር። ሁለቱም እጃቸውን አልዘረጉም፤ አፋቸው ቀደመ።

አሁን ወደ ወጣትነቱ ጉዳይ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። ፊልሙ ሲሠራ 42 ዓመት የሆነው ሰው ያ የ1970 መኪና በተመረተበት ጊዜ ወደ 13 ዓመት ልጅ ነበር። ሌስተር ሥራ ለቆ የሚገባበት የሃምበርገር ቤትም እንዲሁ ነው፤ በጉርምስናው ክረምቱን ሙሉ ሃምበርገር እየጠበሰ ለቴፕ ገንዘብ ያጠራቅም እንደነበር ለጎረቤቱ ልጅ ራሱ ይነግረዋል። መኪናውም፣ ሥራውም፣ ብረቱም ካሮሊንን ከማወቁ በፊት የነበረው ልጅ ንብረቶች ናቸው። ሌስተር የሚያሳድደው ከትዳር በፊት የነበረውን ወጣትነት ነው። አንጄላ ደግሞ ወጣት ሆኖ አይታው አታውቅም። የምታየው አንድ የጓደኛዋን አባት ነው።

ሌላ ወጣትነት ግን ነበረው፤ ከካሮሊን ጋር የኖረው። ያ ጣሪያ፣ ያ ሄሊኮፕተር። የዚያ ወጣትነት ምስክር በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሷም ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። የእሷም ምስክር እሱ ነው፤ ጣሪያ ላይ የወጣችው ልጅ በሌስተር ትዝታ ውስጥ ካልሆነ የትም የለችም። ለዚህ ነው ነጠላውን ነገር ሲያነሳላት ትከሻዋ የወረደው፤ በእሱ ዘንድ በአደራ የተቀመጠ ነገር መለሰላት። ሲሞትስ? ያቺ ልጅ አብራው ትቀበራለች።

ይህን የሚያህል ነገር ያለበት ፊልም እንዴት መታየት እንዳለበት መናገር የግድ ነው፤ ያለ ቦታው ብዙ ሰው ያበላሸዋልና።

ፊልሙ 122 ደቂቃ ነው፤ ለዐዋቂ ብቻ ነው። ልጆች ባሉበት፣ አማት በመጣችበት ሳሎን አይከፈትም። በትርጉም ፊልም መልክ አትዩት። የእኛ ትርጉም አንድ ሰው በተዋንያኑ ድምፅ ላይ ደርቦ የሚናገርበት ነው፤ ለድብድብና ለሩጫ ፊልም ጥሩ ሲሆን ለዚህኛው ግን ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ ሌስተር ራሱ ተራኪ ስለሆነ በትረካ ላይ ትረካ ይደራረባል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ተርጓሚ ዝምታ ሲያገኝ ይሞላዋል፣ የሶፋው ትዕይንት ደግሞ ያለው ዝምታው ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛው ድምፅ፣ ጽሑፍ ከሥር አድርጋችሁ እዩት። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ የሚያውቀው እየተከተለ አይተርጉም፤ ቆም አድርጎ ይንገርና ይቀጥል።

ቴሌቪዥኑን ዙም አታድርጉት። ፊልሙ ሰፊ ሆኖ የተቀረጸ ስለሆነ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይኖረዋል። ጥቁሩን ለማጥፋት ብላችሁ ብታሰፉት ከስፋቱ ወደ አንድ አራተኛ ይቆረጣል። የሚቆረጠው ዝም ብሎ ግድግዳ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ያለውን የእራት ትዕይንት አስቡ፦ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሻማ፣ መሃል ላይ ጽጌረዳ፣ ባል በአንዱ ጫፍ፣ ሚስት በሌላው፣ ልጅ መሃል። ካሜራው እጅግ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይጠጋል። ሲጠጋ ባልና ሚስት ወደ ዳርና ዳር ይገፋሉ። ዙም ያደረገ ሰው ርቀቱን ራሱ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ፊልሙ ምን ሊል እንደፈለገ አልገባኝም ይላል። የቀለሙን ማስተካከያም ከ«ደማቅ» አውርዱት፤ የጽጌረዳውና የቤቱ በር ቀይ በመጠን የተቀመጠ ነው፣ ሲደምቅ ይደፈርሳል።

ብርሃኑን የሠራው ኮንራድ ሆል ሲሆን በዚህ ፊልም ሁለተኛ ኦስካሩን ያገኘው ከመጀመሪያው 30 ዓመት ቆይቶ ነው። ቢሮ ውስጥ የሌስተር ፊት በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ሲንጸባረቅ የቁጥሮቹ ዓምዶች እንደ እስር ቤት ፍርግርግ ይጋርዱታል። ይህ የሚታየው ክፍሉ ሲጨልም ብቻ ነው፤ አምፖሉን አጥፉት። መጨረሻው ሌሊት በዝናብ የሚያልፍ በመሆኑ ደግሞ የሐዋሳ ክረምት ጋር ይጋጫል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሐምሌ ዝናብ ከጀመረ የሰዎቹ ንግግር አይሰማም፤ የፊልሙ ዝናብና የቤቱ ዝናብ አንድ ይሆናሉ። ድምፁን ከመጨመር ይልቅ የኢርፎን መሰኪያውን ለሁለት በሚከፍል ገመድ ሁለታችሁም ብትሰኩት ይሻላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መብራት የሚጠፋው ምሽት ላይ ነው፣ ይህን ፊልም ከመሃሉ አቋርጦ በማግስቱ መቀጠል ደግሞ ይገድለዋል።

ስለ አንጄላ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። ጎልማሳ ሰው የልጁን እኩያ መመኘቱ ጥፋት ነው፤ ተናዳችሁ ፊልሙን ብታቋርጡት አልፈርድባችሁም። ሜንዴስ ምኞቱን የቀረጸበትን መንገድ ግን ተመልከቱ። ትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ስትጨፍር በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ሁሉ ይጠፋል፣ አንድ እንቅስቃሴዋ ተቆርጦ ደጋግሞ ይመጣል፣ የቶማስ ኒውማን ከበሮ መሰል ሙዚቃ ይገባል። ይህ በሌስተር ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ነው። እውነተኛዋ አንጄላ ብርሃኗ ተራ ነው፤ አፏ የሚኩራራ፣ ውስጧ የሚፈራ ልጅ። በመጨረሻው ሌሊት የመጀመሪያዋ እንደሚሆን ስትነግረው ሌስተር ያቆማል፣ ብርድ ልብስ ያለብሳታል፣ የምትበላው ይሰጣታል። ልጁ ጄን ደስተኛ እንደሆነች ይጠይቃታል። ቀጥላ እሷ እንዴት ነህ ትለዋለች። ይህን ከጠየቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ ሆኖታል ብሎ ይመልሳል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ቦታ በተለየ መንገድ ያማል። እኛ ሰላምታ አናልቅበትም። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ፣ ከብቱ፣ ሥራው፤ ፒያሳ ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ ይጠብቃቸዋል። ከሌላው ጋር እንዲህ የምንለፋውን ያህል ማታ በር ተከፍቶ ስንገባ ምን ይባላል? ውሃ መጣ ወይ። የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ። ካርድ ሞላህ ወይ። ባልና ሚስት እንዴት ነህ መባባል ሲያቆሙ ማንም አያስተውልም፤ ጠብ የለማ። ሌስተር ያለበት ሰፈር ጎረቤት ለአዲስ መጤ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ስጦታ ይዞ በር ሲያንኳኳ፣ ባለቤቱ ምን ልትሸጡ ነው ብሎ የሚጠይቅበት ነው። ቡና ጠርቶ የሚያስታርቅ፣ ሽማግሌ የሚልክ የለም። እኛ ጋ ሽማግሌ አለ። ነገር ግን ሽማግሌ የሚመጣው ጩኸት ሲሰማ ነው። የሶፋው ዝምታ ከግቢው አጥር አያልፍም።

ፊልሙን ካያችሁ በኋላ የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ ሌስተር በጣሪያው ትዝታ የጀመረውንና ሳይጨርስ የተወውን። ቤታችሁ አልበም አለ። እንግዳ ሲመጣ ከሻይ በፊት የሚቀርበው ያው አልበም። ለእንግዳ የሚገለጥ እንጂ ባልና ሚስት ብቻቸውን የሚገልጡት አይደለም። አውጡት። ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ታቦር ተራራ ላይ ሐይቁን ከኋላ አድርጋችሁ የተነሳችሁትን ፈልጉ። ትዝ ይልሻል ወይ ብላችሁ አትጀምሩ፤ ያ ጥያቄ በአዎ ይዘጋል። ከፎቶው ውጭ የቀረውን ጠይቁ። ያን ቀን ብስክሌቱን ያዋሰን ማን ነበር። አሞራ ገደል ዓሣውን ስንበላ ሒሳቡ ሲጎድል ማን ከፈለልን። ጫማሽ ለምን አንድ እግሩ ረጥቧል። ነጠላ ነገር ነጠላ ነገርን ይጎትታል፤ ሁለት የተለያየ መልስ ከመጣ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፣ አንዳችሁ የያዛችሁት ሌላችሁ ያጣችሁትን ነው ማለት ነው።

ሰርጉ በቪዲዮ ካሴት ከሆነ ያለው ቶሎ አስገልብጡት። ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ካሴት ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ በመስታወቱ በኩል ሪሉ ላይ ነጭ ብናኝ ካያችሁ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት፣ ቴፑንም የማጫወቻውን ማንበቢያም ያበላሻል፤ የሚያጸዳ ባለሙያ ፈልጉ። ንጹሕ ከሆነ ፎቶ ቤት ወስዳችሁ ወደ ፍላሽ አስቀይሩት፣ ቅጂው ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ገጹ ማጣበቂያ ካለው አልበም ላይ ፎቶ በጥፍር አትላጡ፤ ስስ ክር ከሥሩ አሳልፋችሁ እየገዘገዛችሁ አንሱት። እንቢ ካለ እዚያው እንዳለ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ አንሱት፤ ፕላስቲኩ ያኔ አያንጸባርቅም።

ሌስተርም መጨረሻ ላይ ፎቶ ነው የያዘው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሦስቱም የሚስቁበትን የድሮ የቤተሰብ ፎቶ ያያል፣ ፈገግ ይላል፣ ከኋላው ጥይት ይተኮሳል። ብዙ ተመልካች እዚህ ጋ ሪሞቱን ያነሳል፤ ታሪኩ አልቋል ብሎ። ቆዩ። ጥይቱ ሲሰማ እያንዳንዱ ሰው የት እንደነበረ ፊልሙ ተመልሶ ያሳያል፤ ከእነዚያ ምስሎች አንዱ የካሮሊን ነው። በዝናብ ርሳ፣ ሽጉጥ በቦርሳዋ ይዛ የመጣች ሴት፣ ቦርሳውን ደብቃ ቁም ሣጥኑን ትከፍታለች። የባሏ ሸሚዞች በተርታ ተሰቅለዋል። በሁለት እጇ ሰብስባ ታቅፋቸዋለች፣ ፊቷን ትቀብራለች፣ ሸሚዞቹን እንደያዘች ትወድቃለች።